ስለ ውርርድ ቤት፤ ምክር ቤት የፈቀደው ሁሉ ይገባልን?

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በተጓዘ ጊዜ ጊንጪ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አምቦ ያልፋል። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጥቁር መረሬ መሬት ነው፤ ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል፤ በስተ ሰሜንም የጭልሞ ደን አለ። ገበሬው እህሉን ሊሸጥ፥ የገበሬውም ልጅ ሊማር ወደ እርስዋ ይመጣሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለች ከተማ፥ በዋናው መንገድ ዳር፥ የውርርድ ቤት ይከፈት ዘንድ የከተማው ምክር ቤት ይፍቀድን ወይስ ይከልክል? ቢፈቅድስ እኛ ፈቃዱን አይተን ነገሩ መልካም ነው ልንል ይገባናልን? በዚህች ጽሑፍ ከአንተ ጋር ልናስብ የወደድነው ይህን ነው።

የውርርድ ቤት ስንል በዘመኑ አነጋገር ቤቲንግ የሚሉትን ማለታችን ነው። በውስጡ እንደ ድሮው ቍማር ቤት ካርታ አይጣልም፥ መብራቱም የደበዘዘ አይደለም። ቴሌቪዥን በግድግዳው ተሰቅሎአል፤ የእንግሊዝና የስፔን የእግር ኳስ ግጥሚያ ዝርዝር ተለጥፎአል፤ በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ገንዘብ ተቀብሎ ትኬት ይቈርጣል። ከውጭ ለሚያየው ሰው የባንክ ቅርንጫፍ ይመስላል። ይህም መምሰሉ ቀላል ነገር አይደለም። የቀድሞው ቍማርተኛ አባቱ ሲመጣ ካርታውን ይሸሽግ ነበርና፤ የዛሬው ግን ትኬቱን በደረት ኪሱ ይዞ በአደባባይ ይሄዳል፥ ቤቱም እኔ ግብር ከፋይ ነኝ ይላል።

በእውነትም ፈቃድ አለው። በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 535 እንደ ገና ሲቋቋም ለሌሎች አጫዋቾች ፈቃድ የመስጠትና የመቈጣጠር ሥልጣን ተጨመረለት። በውጭ አገር ኳስ ላይ የሚደረገው ውርርድ በዚህ በር ገባ፤ ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታትም ከአዲስ አበባ አልፎ በአገሩ መንገድ ዳር ወዳሉት ከተሞች ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም በዕድል ጨዋታ ከተገኘ ገንዘብ ከመቶ 15 ግብር ይከፈል ዘንድ ደነገገ።

እንግዲህ ሕግ ፈቅዶአል፥ ግብርም ይከፈልበታል፥ ምን ክርክር ቀረ? የሚል ሰው አለ። ለዚህ ሰው የምንመልሰው እንዲህ ነው። ሕግ የከለከለውን ማድረግ ጥፋት ነው ማለት እውነት ነው፤ ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ደግ ነው ማለት ግን ከዚያ አይወጣም። ደመወዙን ሁሉ በመጠጥ የሚጨርሰውን አባት ወታደር አይዘውም፤ የታመመ ጐረቤቱን የማይጠይቀውንም ዳኛ አይጠራውም። ሕግ የአጥር ሥራ ይሠራል፤ በአጥሩ ውስጥ ምን እንደሚበቅል የሚጠየቀው ግን ባለ ቤቱ ነው።

ከዚህ የጠነከረ ክርክርም አለና አንሸሽገው። «ሰው ሁሉ ተወራራጅ አይደለምን? ገበሬው ዝናቡ ይመጣል ብሎ ዘሩን በመሬት ይበትናል፤ ነጋዴው ዋጋው ይወጣል ብሎ እህል ያከማቻል፤ ይህ ሁሉ ዕድል መሞከር ነው» ይሉናል። ነገሩ በፊቱ ሲያዩት ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው ዘሩ በበቀለለት ጊዜ የማን ጐተራ ጐደለ? በመረሬው ላይ ትናንት ያልነበረ ጤፍ ዛሬ አለ፤ እርሱም በላ፥ ከተማውም በላ። ነጋዴውም ቢሆን እህሉን ካለበት ወደ ሌለበት ካደረሰ የሚመሰገን አገልግሎት አገልግሎአል። በውርርድ ቤት ግን አንድ ሰው 100 ብር ቢያገኝ ያ 100 ብር ከሌላው ኪስ የወጣ ነው፤ በመካከላቸውም አንዲት ቅንጣት እህል አልበቀለችም። ገበሬው ጐረቤቱ እንዲያገኝ ቢመኝ ምንም አይጐዳም። ተወራራጁ ግን የሚያገኘው ሌላው በማጣቱ ነውና፥ ሳያውቀውም ቢሆን የሰውን ማጣት ሲመኝ ይውላል።

ዕጣ መጣል በራሱ ክፉ ነው አንልም። የእስራኤል ልጆች ርስታቸውን በዕጣ ተካፈሉ፤ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። በእኛም አገር ዕቍብ አለ። በዕቍብ ዕጣ ይወጣል፥ ስሙ የተጠራው ሰው ደስ ይለዋል፥ ያልወጣለትም ያዝናል፤ ነገር ግን ዕጣው የሚለየው ማን ይቅደም የሚለውን ብቻ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ የጣለውን ያህል ወስዶአል፥ በዳኛና በጸሐፊም ተጠብቆአል። ከመስቀሉ በታች ተቀምጠው የተራቈተውን ሰው ልብስ በዕጣ የተካፈሉ ወታደሮችም ነበሩ። ዕጣው አንድ ዐይነት ነው፤ ልዩነቱ የሚከፋፈሉት ነገር ከማን ላይ እንደ ወጣ ነው።

ውርርድ የሚለው ቃልም ከጥንት የነበረ ነው። አባቶቻችን በሙግት ጊዜ በዳኛ ፊት ማር ስጥ፥ በቅሎ ስጥ እየተባባሉ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍል ነበር። ያም ልማድ ደኻን ከሀብታም ጋር እኩል ስለማያቆም ነቀፋ አላጣም። ቢሆንም ተሟጋቹ የሚወራረደው በሚያውቀው ነገር ነበር። ድንበሩን የረገጠው እርሱ ነው፥ ከብቱንም የነዳበትን ያውቀዋል፤ በቅሎውን የሚያስይዘው ለቃሉ ነው። ዛሬ በጊንጪ ተቀምጦ በማንቸስተር ስለሚደረገው ግጥሚያ ገንዘብ የሚያስይዝ ወጣት ግን ስለ ምን ነገር ይመሰክራል?

«እኔ ኳስ ዐውቃለሁ፥ አጥንቼ ነው የምቈርጠው» ይል ይሆናል። ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተ ሒሳብ ተምራችኋልና ነገሩን በሒሳብ እንየው። ሁለት እኩል ቡድኖች ይጋጠማሉ እንበል፤ አቻም አይወጡም እንበል። ቤቱ አድሎ የሌለበት ቢሆን 10 ብር ላስያዘ ሰው 20 ብር ሊከፍል ይገባዋል፤ እርሱ ግን 18 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይከፍላል እንበል። ጥቂት ነው፥ ቤቱ ከመቶ ሰባት ብር ተኩል አስቀረ፤ ለኪራይና ለሠራተኛ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ዳሩ ግን ወጣቱ በአንድ ግጥሚያ ብቻ አይወራረድም። በ10 ብር ብዙ ሺህ ለማግኘት ዐሥር ግጥሚያ በአንድ ትኬት ይቈርጣል፤ ዐሥሩም ካልያዙለት ምንም የለውም። ዐሥሩ ሁሉ የሚይዙት ከ1,024 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ለዚያ አንድ ጊዜ ቤቱ የሚከፍለው 4,696 ብር ያህል ነው። እንግዲህ 1,024 ወጣቶች እየራሳቸው 10 ብር ከፈሉ፤ 10,240 ብር ተሰበሰበ፤ አንዱ ወጣት 4,696 ብር ወሰደ፥ በተጠቀሰው አዋጅ ግብሩ ሲቀነስም የሚቀረው ከ4,000 ብር ያንሳል። ሰባት ብር ተኩል የነበረው የቤቱ ድርሻ ከመቶ 54 ብር ሆነ! ትኬቱ በረዘመ ቍጥር ተስፋው ይጨምራል፥ የሚዘረፈውም ይጨምራል። ኳስ ማወቅ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ዋጋውን የሚተምኑት ሰዎች ግን ከእርሱ ይልቅ ያውቃሉ፥ ሥራቸውም ይኸው ብቻ ነው።

የእኛ ቋንቋ ይህን አስቀድሞ ዐውቆአል። በቍማር ገንዘቡን ያጣ ሰው «ተሸነፍሁ» አይልም፤ «ተበላሁ» ይላል። የተሸነፈ ሰው ነገ ተለማምዶ ይመለሳል፤ የተበላ እህል ግን አይመለስም።

አሁን ማን እንደሚበላ እንመልከት። በእነዚህ ከተሞች ከገጠር መጥተው ከጓደኞቻቸው ጋር ጠባብ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሄደው በሶውንና ሽሮውን፥ ጥቂትም ብር ይዘው ይመለሳሉ። ያ ብር በልጁ እጅ ቢሆንም የልጁ አይደለም። አባት ከዘሩ ቀንሶ የሸጠው ጤፍ ነው፤ እናት ከቅቤዋ፥ ከእንቍላሏ ያጠራቀመችው ነው። ልጁ የቤት ኪራዩን ይዞ በመንገዱ ዳር ሲያልፍ ያ በር ተከፍቶአል። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልንጀራው 3,000 ብር እንዳገኘ ሰምቶአል፤ ያጡትን አልሰማም፥ ያጡ ሰዎች አይናገሩምና። ኪራዩ ሲበላ ለአከራይቱ ዋሸ፤ ለመክፈል ከጓደኛው ተበደረ፤ ብድሩን ለመመለስ ደግሞ ወደዚያው በር ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ብዙ መምህራን ይህን ያውቁታል። ለብቻው ገንዘብ አጠፋ ብለን ልናዝንለት እንችል ነበር፤ እርሱ ግን ያስያዘው የአባቱን በሬ ድካም ነው፥ ያልተጠየቀ ሰው ነው በውርርዱ የገባው።

ስለዚህ ከባድ የሆነው የምክር ቤቱ ነገር ነው። እንዝጋው ማለት ይቀላል፤ ተደርጎም ታይቶአል። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቱን ያበላሻሉ ብሎ ብዙ የውርርድ ቤቶችን አሸገ። ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፥ በሩን ያሸገው ግን የከተማው አስተዳደር ነበርና አንዱ መንግሥት በአንድ እጁ ያስያዘውን በሌላው እጁ ነጠቀ የሚል ክርክር ተነሣ። ይህ ክርክር እንዲያው የነጋዴ ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ዛሬ የማንወደው ቤት ያለ ሥርዓት ቢታሸግ ነገ የምንወደውም በዚያው መንገድ ይታሸጋልና። ደግሞም በሩ ሲዘጋ ውርርዱ ወደ ስልክ ገባ። በስልክ ሲሆን አባት አያይም፥ መምህርም አያይም፥ ሌሊትና ቀን የለውም፤ ዕድሜ ይጠየቃል ቢባልም ስልኩ የልጁን ፊት አያይም። በ2013 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው እንዳይወራረድ ተከልክሎአል፤ ዩጋንዳም በ2016 እ.ኤ.አ. ሕጓ ዕድሜውን 25 አድርጋለች። ክልከላው መልካም ነው። ነገር ግን በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ የሚከፈለው በቈረጠው ትኬት ብዛት ከሆነ መታወቂያ ይጠይቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ ራሱ ውርርድ ነው።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ሕዝቦች አሉና ከእነርሱ መማር ነውር አይደለም። እንግሊዞች በ1906 እ.ኤ.አ. የመንገድ ላይ ውርርድን ከለከሉ። ሀብታሙ ግን በብድር በስልክ መወራረድ አልተከለከለም ነበር፤ ስለዚህ የሚያዘው ደኻው ብቻ ሆነ፥ ደላሎችም በየመንደሩ እየዞሩ በስውር ይሰበስቡ ነበር። በ1960 ሕጉን ለውጠው በሚቀጥለው ዓመት የውርርድ ቤት ፈቀዱ፤ ሆኖም ቤቱ የሚያስመኝ እንዳይሆን መስኮቱ ይሸፈን፥ ቴሌቪዥንም እንዳይኖርበት አሉ። ሰው ሊወራረድ ቢወድ ይግባ፥ ቤቱ ግን አይጥራው ማለታቸው ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የተሻለው አሳባቸው ይህ ነው። በ1986 ግን ቴሌቪዥኑ ተፈቀደ። በ2005 የወጣው ሕግ ፈቃድ መስጠትን ለከተማ ምክር ቤቶች ሰጠ፤ ነገር ግን ሥልጣኑ ወደ መፍቀድ ያዘነበለ ነበር፥ በዚህ ሰፈር በቅቶናል ብለው ሊከለክሉ የወደዱ ምክር ቤቶች አልቻሉም። በቤቶቹም ውስጥ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ፓውንድ የሚያስይዙ መኪናዎች ገቡ፤ ያ ወደ 2 ፓውንድ የወረደው በ2019 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ስንት ሰው ቤቱን እንዳጣ አስብ።

ከዚህ የምናየው፥ ለከተማ ምክር ቤት እሺ ወይም እምቢ ከሚሉት ቃላት በቀር ሌላም ቃል ሊኖረው እንደሚገባ ነው። የት ይሁን? ከትምህርት ቤቱ መንገድ ይራቅን? በስንት ሰዓት ይከፈት፥ በስንት ይዘጋ? በአንድ ሰፈር ስንት ይበቃል? ልጅ ሲገባ የተገኘበት ቤት ምን ይሁን? ፈቃዱ ከላይ የሚመጣ ቢሆንም እንኳ መንገዱንና ልጆቹን የሚያውቀው የከተማው ሰው ነው፤ ሚኒስቴር የጊንጪን ተማሪ በስሙ አያውቀውም። የሚገኘው ግብርም በዚህ ምክር ውስጥ አይግባ። ከውርርድ ቤት የሚመጣ ገቢ ለከተማዋ አዲስ ሀብት አይደለም፤ ከከተማዋ ሱቅ፥ ከልብስ ሰፊዋና ከምግብ ቤቷ የቀረው ገንዘብ በሌላ በር ጥቂቱ ሲመለስ ነው፤ ትርፉ ግን ወደ ሌላ አገር ሄዶአል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ እጨምራለሁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ወጣቶች የጭልሞ ደንና የከተማዋ ኳስ ሜዳ ለሌላ ጥቅም እንዳይሰጥባቸው ተነሥተው ነበር፤ ድምፃቸውም ከጊንጪ አልፎ በኦሮሚያ ሁሉ ተሰማ። ብዙ ሰው ያንን በፖለቲካ ብቻ ያስበዋል። እኔ ግን ስለ ኳስ ሜዳው አስባለሁ። ለእነዚያ ወጣቶች ኳስ በእግራቸው የሚጫወቱት ነገር ነበር፥ ሜዳው እንዳይወሰድባቸውም መከራ ተቀበሉ። በውርርድ ቤት ያለው ኳስ ሌላ ነው፤ እዚያ ወጣቱ ተቀምጦአል፥ የሚሮጠው ገንዘቡ ብቻ ነው። ምክር ቤት የውርርድ ቤቱን ቢያሸግና ሜዳውን ሳያስተካክል፥ የንባብ ቤትም ሳይከፍት ቢቀር፥ ወጣቱን ከወንበሩ አንሥቶ በግንቡ ጥግ ከስልኩ ጋር አቆመው እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

የቤት ባለቤት ሆይ፤ በመንገዱ ዳር ክፍል ያለህ፥ አሁን ቃሌ ወደ አንተ ነው፤ ምክር ቤቱን ስንወቅስ አንተን ማለፍ አይገባምና። ልብስ ሰፊው ከሚከፍልህ እጥፍ እከፍላለሁ የሚል መጣ። ውሉ ሕጋዊ ነው፥ አንተም ልጆች አሉህ። «እኔ ቤት አከራየሁ እንጂ ቍማር አላጫወትሁም» ትላለህ። እውነት ነው፥ በሕግ አትጠየቅም። ነገር ግን ከየት እጥፍ እንደሚከፍልህ ታውቃለህ። የአንተው ጓሮ ቤት ውስጥ ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅ በወር መጨረሻ ኪራይ አጥቶ በፊትህ ባፈረ ጊዜ፥ ገንዘቡ በፊት ለፊቱ ክፍልህ በኩል አስቀድሞ ደርሶህ እንደ ሆነስ? በኋላ ክፍልህ ያጣኸውን በፊት ክፍልህ አግኝተሃል፤ ልጁን ግን ታስወጣዋለህን?

ለምክር ቤት አባሎችም የምንለምነው አንድ ትንሽ ነገር አለ። ይህ ነገር በከተማው ሲመከር የአከራዮች ወገን ይመጣል፥ የውርርድ ቤቱም ወኪል ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፥ ወጣቶችም ይመጣሉ። በሥራ ቀን ከሆነ ግን የዚያ ልጅ አባት ከእርሻው አይመጣም፤ መመከሩንም አይሰማም። ጉባኤው በገበያ ቀን፥ ገበሬው እህሉን ሸጦ ገና ወደ ቤቱ ሳይነሣ ቢደረግ ግን ሊገኝ ይችላል።